ከመስመር የወጡ አሥራ ሁለት ፊደላት

ጋሽ ቁልፉ ከብረቱ ደረጃ ሥር ተደፍተው የተገኙት ሐሙስ ጠዋት፣ ሠራተኛው ገና ሳይገባ ነው። ያገኘቻቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። ባዶ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወደ ምድር ቤቱ ልትወርድ ስትል መጀመሪያ ዓይኗ የገባው አንድ ጫማ ነው፤ ደረጃው ላይ ብቻውን ቀርቷል። ከጫማው ዝቅ ብሎ እግር፣ ከእግሩ ዝቅ ብሎ ያ ክርኑ ላይ የተጣፈ ግራጫ ሹራብ።

«ጋሼ!» አለች። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

ወርዳ አንገታቸውን ነካች፤ ቀዝቅዟል። ቀኝ እጃቸው ግን አሁንም እንደተጨበጠ ነው፤ በጣቶቻቸው መሐል የወረቀት ጥግ ብቅ ብሏል። ያን ስታይ ከሐዘኗ በፊት ፍርሃት መጣባት። ወረቀቱን አውቃዋለች። ትናንት በገዛ እጇ የሰጠቻቸው ነው።

ሰዎቹ ጋሽ ቁልፉ የሚሏቸው ሃያ ሁለት ዓመት የቤቱን ቁልፍ ስለጠበቁ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለድርጅቶች የኮምፒውተር ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ሰው በኢንተርኔት ወደ ባንኩ ወይም ወደ ሆስፒታሉ ሲገባ «አዎ፣ እውነተኛው ይኸው ነው» የሚልለት ወረቀት። ምስክር ወረቀቱ የሚታተመው በአንድ የምስጢር ቁልፍ ነው፤ ቁልፉም እንደ በር ቁልፍ ብረት ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ግራና ቀኙ በአምስት አምስት ሰረዝ የታጠረ አጭር መስመር «የምስጢር ቁልፍ እዚህ ይጀምራል» ይላል። ከሥሩ ትርጉም የለሽ የሚመስል የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ረድፍ በረድፍ ይደረደራል። በመጨረሻ «እዚህ ያበቃል» የሚል መስመር ይዘጋዋል። ምስክር ወረቀቱም የሚጻፈው በዚሁ መልክ ነው። አንዱ ለዓለም ሁሉ ይታያል፤ ሌላው ከካዝና አይወጣም።

የጽዳት ሠራተኛዋ ይህን ሁሉ ያወቀችው ከእሳቸው ነው። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። መምህሯ «የእንግሊዝኛ ፊደል የምትለማመዱበት ወረቀት ፈልጉ» ሲላት ጋሽ ቁልፉን ጠየቀች፤ ጊዜው ያለፈበት ምስክር ወረቀት አትመው ሰጧት።

«ይኼ የሰው ሁሉ ነው እትዬ፤ እንደ ልብዎ ይቅዱት» አሏት። «ትልቁም ትንሹም ፊደል አለበት። ቃል ስላልሆነ ደግሞ ገምተው አያልፉትም። እያንዳንዷን ማየት ግድ ነው። አንዷ ከተዛነፈች ማሽኑ አይቀበልዎትም።»

እነሆ አሁን ሌላው መምህሯ፣ ጋሽ ቁልፉ፣ ከደረጃ ሥር ወድቀዋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ፣ በመወልወያ ያስተማረቻት ልጇ በፋይል ቴክኒሻንነት ትሠራለች። እናትየዋ የደረት ኪሷን ነካ አድርጋ ደብተሯ መኖሩን አረጋገጠችና ለጥበቃው ጮኸች።

ፖሊስ ከመጣ በኋላ ቃሏን የተቀበላት አንድ ወጣት ፖሊስ ነው። ጽፎ ሲጨርስ የማኅተም ቀለሙን ከፍቶ ገፋ አደረገላት።

«እትዬ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ ያሳርፉልኝ።»

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«የነገሩኝን ነዋ።»

«እስቲ ልየው።»

«ማንበብ ይችላሉ እንዴ?»

«እየተማርኩ ነው።»

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። «እናቴ፣ አንድ ገጽ እኮ ነው! ሊመሽብን ነው።»

«ይምሽ! ሳላነብ ጣቴንም ፊርማዬንም አታገኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ያላነበብኩት ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ኖሬያለሁ። በቃኝ።»

ወረቀቱን ተቀበለችና ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትወርድበት ጀመር። ፖሊሱ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ። ገጹ መሐል ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«‹ደረጃው በጽዳት ሠራተኛዋ ታጥቦ እርጥብ ስለነበር ሟች አዳልጧቸው› ይላል። ይኼን እኔ አልተናገርኩም።»

«እሱን የነገሩኝ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ረጥቦ ነበር ብለዋል።»

«ዛሬ ውሃ የለም! ከጠዋት ጀምሮ ቧንቧው ጠብ አላለም። በምን ላጥበው፣ በምራቄ?»

ከኋላቸው አንድ ሰው ሳቅ አለ። ድምፅ በሌለው ጫማ የገባች አጭር ሴት ናት፤ መርማሪዋ። ጎንበስ ብላ የባልዲውን ውስጥ በጣቷ አበሰችና ለፖሊሱ አሳየችው። አቧራ ነው።

«ከሰው ሁሉ ሰባት ገጽ ጽፈሃል» አለችው። «እስካሁን የሚረባው እሳቸው ያነበቡት መስመር ነው።»

ከዚያ ደረጃውን በሹክሹክታ እየቆጠረች ወረደች። አሥራ አራት። ጫማው የቀረው ሦስተኛው ላይ ነው። አዳልጦት የሚወድቅ ሰው በጀርባው ይወድቃል፤ ጋሽ ቁልፉ ግን በግንባራቸው ነው የወደቁት፤ ጀርባቸው ላይም ሹራቡ ተጨምድዷል። ከጭብጣቸው ያወጣችው ቁራጭ ከወረቀት ቀኝ ጠርዝ የተቀደደ ነው። የሦስት መስመሮች ጫፍ ብቻ ይታይበታል፤ በየመስመሩ አምስት አምስት ፊደል። ወረቀቱ ራሱ የለም።

ሥራ አስኪያጁ የውሃውን ነገር ሲሰማ ወደ ቢሮው ሄደ። ሠራተኛው «አለቃ» የሚለው፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ።

«አንድ ነገር እያሳሰበኝ ነው» አለ። «ሽማግሌው የሞቱት የቁልፍ ክፍሉ በር ላይ ነው። የሠራተኞች መሳቢያ ይፈተሽ።»

ተፈተሸ። በእናትየዋ ልጅ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሁሉም ወረቀት በላይ፣ አንድ ገጽ ተገኘ። የመጀመሪያው መስመር «የምስጢር ቁልፍ» ይላል።

ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። «እማዬ፣ አይቼው አላውቅም። ሙች!»

«አውቃለሁ። ቀና በይ። አንገትሽን እንዳትደፊ!»

ልጅቷን በመስታወት በር ወደተዘጋ ክፍል አስገቧት። እናትየዋ ከውጭ ሆና መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። በመዳፏ ቅርፅ ላብ ቀረበት።

መርማሪዋ የበሮቹን ቁልፍ የያዘው ማን እንደሆነ ጠየቀች። እናትየዋ ናት። «እንግዲያው አብረውኝ ይዙሩ» አለቻት። እናም በየክፍሉ ስትጠይቅ እናትየዋ በሩ አጠገብ ቆማ ሰማች።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን አፈጠጠ። «ይቺ ሴትዮ እዚህ ምን ታደርጋለች?»

«እሳቸው በር ይከፍቱልኛል» አለች መርማሪዋ። «ምን ሆነ ይላሉ?»

«ልጅቷ ቁልፉን ሰረቀች፤ ሽማግሌው ደረሱባት፤ ገፈተረቻቸው። ምኑ ያስቸግራል?»

መርማሪዋ በላስቲክ የታሸገውን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «ይኼስ?»

ከወንበሩ ሳይነሣ አየት አደረገው። «ይኼ ምንም አይሠራላችሁም። የምስክር ወረቀት ጥግ ነው። ምስክር ወረቀት እዚህ ቤት መጠቅለያ ሆኗል።»

«እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?»

«ኢሜይል። አሥራ አንድ ዓመት የኢሜይል ድርጅት ቴክኒክ ኃላፊ ነበርኩ።» ደረቱን ነፋ።

የጋሽ ቁልፉ ምክትል ቀጭን፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ከሟች ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል» አለቻት መርማሪዋ።

«ማን ከማን ጋር የማይጣላ አለ? ጡረታ ይውጡ እያልኩ ስነዘንዛቸው ነው የኖርኩት። ወንበራቸውን ፈልጌአለሁ፤ አልዋሽም። ነፍሳቸውን ግን አልፈለግሁም።»

«ይኼ ቁራጭ የምንድን ነው? የቁልፍ ወይስ የምስክር ወረቀት?»

ምክትሏ ቁራጩን ወደ ብርሃን አቀረበች። «ከዚህ ብቻ? ጠንቋይም አይነግርዎትም። የሚለያቸው የመጀመሪያው መስመር ነው። እሱ ደግሞ አጭር ስለሆነ ቀኝ ጠርዝ አይደርስም።»

«ቁልፉን ከጋሽ ቁልፉ ሌላ ብቻውን ያገኘው ሰው አለ?»

«በመዝገብ? አሮጌውን ማሽን በአዲስ ስንቀይር ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ቆይተዋል። ጋሼ በጣም ተናደው ነበር፤ መዝገቡ ላይ በቀይ አስምረውበታል።»

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ መርማሪዋ ቆመች።

«የትንሿ ጣትዎ ጎን ጥቁር ነው» አለች። «እርሳስ ነው። ብዙ ይጽፋሉ። ሟች የጨበጡትን ነገር እያዩ ደንግጠው ነበር፤ ሲደርስ ያየዎት ጥበቃው ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ እጅዎ ከደረት ኪስዎ አልወረደም። ምን አለ እዚያ ውስጥ?»

እናትየዋ ኪሷን በመዳፏ ሸፈነች። በዚህ ቤት ከቅርጫት ወረቀት ማንሳት ያስባርራል፤ ያሳስራልም ይባላል። ደብተሩን ካወጣች የስርቆቱ ተባባሪ እሷ ናት። ካላወጣች ልጇ ከመስታወቱ ኋላ ናት። ዞር ብላ አየቻት፤ ልጅቷ እንደተባለችው አንገቷን ቀና አድርጋ ተቀምጣለች።

«ያስሩኝ እንግዲህ» አለችና ደብተሩን አወጣች። «የገደልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው። በእጄ ባይሆንም።»

«ይንገሩኝ።»

«ደብተሬ ባለ ሳጥን ነው። በአንድ ረድፍ ሠላሳ ሁለት ሳጥን አለው። የጋሼ ወረቀት አንዱ መስመር ልክ ሁለት ረድፍ ይሞላል፤ ስድሳ አራት ፊደል። ሁሌም። ሰኞ ከአለቃ ቅርጫት ሌላ ወረቀት አገኘሁ፤ የመጀመሪያው መስመር ያው ‹ምስክር ወረቀት› ነው፤ የዚያን ቃል ቅርፅ ለይቼዋለሁ። ሁለት ቀን በምሳ ሰዓት ቀዳሁት። ግን ከሳጥኔ አልገጥም አለኝ። በየመስመሩ አሥራ ሁለት ፊደል እየተረፈ ሦስተኛ ረድፍ ይገባል። የተሳሳትኩ መሰለኝ። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። ረቡዕ ወረቀቱን ወስጄ ‹ጋሼ፣ የእርስዎ ከመስመር አይወጣም፤ የአለቃ ለምን ይወጣል?› አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ወረቀቱን እንደገና አዩት። በኋላ ‹ይኼን አላተምኩም። ነገ በጠዋት ራሴ እጠይቀዋለሁ። ሰው ሲሳሳት በመጀመሪያ ለብቻው ነው የሚነገረው› አሉኝ።» ደብተሩን አቀበለቻት። «ዝም ብል ኖሮ ይኖሩ ነበር።»

መርማሪዋ ደብተሩን ገለጠች። ከንፈሯ ቆጠረ። ከዚያ ቁራጩን ከገጹ አጠገብ አስቀመጠችና ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሁሉም ወደ ስብሰባ ክፍል ይግቡ» አለች። «ምክትሏ ደብተሩን ይዘው አሥር ደቂቃ ማሽን ላይ ይቀመጡ። እርስዎም ይመጣሉ እናቴ። ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይቀመጣሉ።»

የስብሰባው ጠረጴዛ ረጅም ነው። ሥራ አስኪያጁ ራስጌ ተቀመጠ፤ ልጅቷን ከፖሊሱ ጎን አስቀመጧት። ምክትሏ ደብተሩን ይዛ መጨረሻ ገባች። መርማሪዋ አልተቀመጠችም።

«ከውሃው ልጀምር» አለች። «ይህ ደረጃ በየቀኑ ጠዋት በዚያ ሰዓት ይታጠባል። ዛሬ ግን ውሃ አልነበረም። ረጥቦ ነበር ያለው ሰው ያየውን አልተናገረም፤ መሆን አለበት ብሎ ያሰበውን ተናገረ። አደጋ እንዲመስል የሚፈልግ ሰው።»

«መስሎኝ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይኼ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። የአደጋው ነገር አልያዝ ሲል ግን ሌላ ነገር አስፈለገ። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይህ ገጽ የልጅቷ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። እንግዲህ ይህን ገጽ ቁጠሩ። በመስመር ሰባ ስድስት ፊደል ነው። የዚህ ቤት ማሽን ከተተከለ ጀምሮ ስድሳ አራት እንጂ ሌላ ጽፎ አያውቅም። ልጅቷ ከካዝናው ብትሰርቅ ኖሮ ስድሳ አራት ይሆን ነበር። በሰባ ስድስት የሚቆርጠው ማነው?»

ምክትሏ ቀድማ መለሰች። «ኢሜይል! ከደብዳቤ ጋር የሚላክ ፋይል ወደ ፊደል ሲለወጥ በሰባ ስድስት ነው የሚቆረጠው።»

«ልክ ነው። ሌባው ቁልፉን ሰርቆ በገዛ የመልእክት ሣጥኑ ውስጥ፣ ከደብዳቤ ጋር እንደተያያዘ ፋይል ደበቀው። ዛሬ ሲቸኩል ፊደሉን ከዚያው ቆርጦ አወጣ፤ ላዩና ታቹ ላይ ባለ ሰረዙን መስመር ራሱ ጨመረ፤ አተመው። ማሽኑ የመስመር ርዝመት ስለማያስጨንቀው እሱም አልተጨነቀም። አሥራ አንድ ዓመት ዓይኑ የለመደው ሰባ ስድስት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ኢሜይል የሌለው ማነው? ልጅቷም አላት።»

«አላት። ለዚህ ነው ወደ ቁራጩ የምሄደው።» ቁራጩን አነሣች። «ጠዋት አሳየሁዎት፤ ‹የምስክር ወረቀት ጥግ ነው› አሉኝ። ከዚህ ብቻ ያን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው የመጀመሪያውን መስመር ያየ ሰው ብቻ ነው። ሙሉውን ወረቀት ከሟች እጅ የነጠቀ።»

የሥራ አስኪያጁ ጆሮ ቀላ።

«ገመትኩ! ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወይ ቁልፍ ወይ ምስክር ወረቀት።»

«ሙሉ ወረቀቱን አጥፍተውታል። ቅጂው ግን አለ።» መርማሪዋ ደብተሩን ከምክትሏ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሰኞና ማክሰኞ የተቀዳ። ማክሰኞ ትምህርት ቤት ታርሞ በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ቀንና ፊርማ አርፎበታል፤ ግድያው ሁለት ቀን ሲቀረው። ሦስቱ መስመሮች የሚያልቁበትን አምስት አምስት ፊደል ተመልከቱ፤ ከቁራጩ ጋር አንድ ናቸው። በስድሳ አራት ቢቆረጥ ሌላ ቦታ ላይ ያልቁ ነበር፤ ይህም እንደ ቁልፉ ገጽ ከኢሜይል የወጣ ነው። መምህሩ ከየት እንደቀዳችሁ ጻፉ ስላለ ደግሞ ራስጌው ላይ ተጽፏል። ያንብቡት እናቴ።»

እናትየዋ ተነሣች። ጣቷን አስደግፋ አነበበች። «ከ… አለቃ… ቅርጫት።»

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መታ። «አንቺ ፊደል በቅጡ ያልለየሽ ሴትዮ፣ ያንቺ ሙጭርጭር ነው ማስረጃ የሚሆንብኝ?»

«አንቱ በለኝ!» አለችው። «ልክ ነህ፤ በቅጡ አልለየሁም። የሚያነብ ሰው እየዘለለ ያነባል። እኔ መዝለል ስለማልችል አንድም ሳይቀረኝ ቆጠርኩ።»

«ሙጭርጭር አይደለም» አለች ምክትሏ፤ እንባዋ ይወርዳል። «አሁን ከደብተራቸው ፊደል በፊደል ወደ ማሽኑ አስገባሁት። አንዷ ብትሳሳት ማኅተሙን ትክክል አይለውም ነበር። ተቀበለው። በእኛ ቁልፍ የታተመ፣ በመዝገባችን የሌለ ምስክር ወረቀት ነው። በአንድ ባንክ ስም የወጣ፤ ባንኩ ግን ጠይቆን አያውቅም። ሐሰተኛ ገጽ ከፍቶ የሰውን ሁሉ የይለፍ ቃል ለመሰብሰብ ካልሆነ ለሌላ አይጠቅምም።»

«ጋሽ ቁልፉ ዛሬ ጠዋት ያን ወረቀት ይዘው ሊጠይቁዎት መጡ» አለች መርማሪዋ። «ለብቻዎ። ክብርዎን ሊጠብቁልዎት። ማሽኑን አብረን እንይ ብለው ከፊትዎ ደረጃ መውረድ ሲጀምሩ ከኋላ ገፉአቸው። የመልእክት ሣጥንዎን ባለሙያዎቻችን አሁን እየከፈቱት ነው። የሚሉት አለ?»

ሥራ አስኪያጁ ያየው መርማሪዋን አልነበረም፤ ደብተሩን ነው። ፖሊሱ ከልጅቷ ጎን ተነሥቶ ሄዶ ከእሱ ጎን ቆመ።

ልጅቷ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፋች። «እማዬ፣ ቢያስሩሽስ ኖሮ?»

«ቢያስሩኝ እዚያም ትምህርት አለ ይላሉ» አለቻት ጀርባዋን እየደባበሰች።

ምክትሏ አፍንጫዋን ጠረገች። «ቅርጫት ስለመንካት ያለው ደንብ…» ብላ ጀመረች።

«እህ፣ ያባርሩኛ!»

«ደንቡን አሻሽለዋለሁ ልልዎ ነው፣ ይስሙኝ እንጂ! ነገ ውሃ ከመጣ ደረጃው ይጠብቅዎታል።»

ፖሊሱ አዲስ የተጻፈውን ቃል ይዞ መጣ። የማኅተም ቀለሙን አላወጣም፤ እስክሪብቶ ብቻ አስቀመጠ። ወንበር ስቦላት ራሱም ተቀመጠና ሳይባል ጠበቀ። እናትየዋ ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፋ ወረደች። ብዙ ቆየች። ከመስኮቱ ውጭ የፖሊስ መኪና ሥራ አስኪያጁን ይዞ ሲወጣ እንኳ ቀና አላለችም።

መጨረሻ ላይ ስትደርስ ራሷን ነቀነቀች። «አልፈርምም።»

«አሁን ደግሞ ምን ተሳሳትን?» አለች መርማሪዋ።

«አልተሳሳተም። ጎድሏል። ‹ሟች የቁልፍ ኃላፊ የነበሩ› ይላል። እኔን ማን እንዳስቆጠረኝ አይልም።»

መርማሪዋ እስክሪብቶውን አንሥታ ሰጠቻት። እናትየዋ ከመጨረሻው መስመር ሥር ጎንበስ ብላ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ነክሳ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አስቀመጠች። «መምህሬ ነበሩ።» ቆጠረችው። ሙሉ ነው። ከዚያ ፈረመች።